የደሴቲቱ ክቡር አምባሳደር

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብሎ የተረተው ሰው ጎረቤት አልነበረውም። ቢኖረው ኖሮ፣ በየሰፈሩ አንድ ጊዜ ራቅ ያለ ቦታ ደርሶ የተመለሰ ሰው እንደማይጠፋ፣ ያም ሰው ያየውን አገር ላላዩት ሁሉ ሳያስናፍቅ ውሎ እንደማያድር ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው እግሩ ከተመለሰ ቆይቷል፤ አፉ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ሻንጣውን በመጣበት ቀን ፈትቶ ጨርሷል፤ ወሬውን ግን እስከ ዛሬ እየፈታ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወይ አጎታችሁ ነው፣ ወይ አለቃችሁ ነው፣ ወይ ደግሞ እንደኔ ዕድላችሁ ከጠመመ፣ በሩ ከበራችሁ ፊት ለፊት ነው።

የኔው «ክቡር አምባሳደር» ይባላሉ። የሾምናቸው እኛ የሕንጻው ነዋሪዎች ነን፤ የወከሏት አገር ስለ ሹመቱ የምታውቀው ነገር የለም። በሙያቸው ሊፍት ጠጋኝ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚሠሩበት ድርጅት፣ ካርታ ላይ ዝንብ ብታርፍባት ወደምትሸፈን አንዲት ትንሽ የደሴት አገር ልኳቸው፣ እዚያ ላለ ሆስፒታል ሊፍት ተክለው መጡ። የቆዩት ጥቂት ወራት ነው። ወሬው ግን የዕድሜ ልክ ሆነብን።

ክቡርነታቸው አጠር ወፈር ያሉ፣ ከጆሯቸው ኋላ እርሳስ፣ ከወገባቸው ላይ የመፍቻ ቦርሳ የማይለያቸው ሰው ናቸው። የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ንግግራቸውን የሚከፍቱት ሁልጊዜ በሁለት ቃል ነው፦ «እዛ ቢሆን!» ዳቦ ቢደርቅ «እዛ ቢሆን!»፣ አውቶቡስ ቢዘገይ «እዛ ቢሆን!»፣ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ሳይሉ በፊት «እዛ ቢሆን ጉንፋን የት ያገኝሃል!» ይላሉ።

ይኼ ሁሉ ግን ሮጦ ማምለጥ በሚቻልበት ቦታ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሊፍት ውስጥ ተይዞ መገኘት ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የሕንጻችን ሊፍት በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ አለብኝ። ደወሉን ተጫንኩ። ብዙም ሳይቆይ ከበላዬ የመፍቻ ኳኳታ ሰማሁ። ሊፍቱ እንዳይነቃነቅብኝ ፈርቼ እንጂ ጮቤ እረግጥ ነበር።

«ማነው ውስጥ ያለው?» አሉ ክቡርነታቸው።

«እኔ ነኝ ጋሼ!»

«ጸሐፊው? አይዞህ። ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ኳኳታው ቆመ። ሰው ተደላድሎ ሲቀመጥ የሚያወጣው ዓይነት ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«አየሩ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ታፍኗል።»

«እዛ ቢሆን!» አሉ። «እዛ እኮ አየር አትስብም፤ ራሱ ነው የሚገባልህ። ጠዋት መስኮትህን ትከፍትና...»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በሩን ቢከፍቱልኝ?»

«እከፍተዋለሁ። የት ትሄዳለህ?»

እውነታቸውን ነው፤ የምሄድበት አልነበረኝም። በሩ ተከፍቶ ብርሃን ሳይ የደሴቲቱን ዓሣዎች በየስማቸው፣ የወደቡን ጠባቂ ከነባሕሪው፣ ሞገዱ በየትኛው ወር እንደሚቆጣ ሁሉ በቃሌ ይዤ ወጣሁ። ፈተና ቢያወጡልኝ አንደኛ እወጣ ነበር።

የውኃ ፓምፑ የተበላሸ ጊዜ ነዋሪዎች ተሰብስበን ስንወያይም እንዲሁ ነው። ሁሉም ባዶ ባልዲውን እያሰበ ተክዞ ተቀምጧል። ክቡርነታቸው እጃቸውን አወጡ። «እዛ ቢሆን፣ ውኃ ጠፋ የሚል ሰው አትሰሙም!» አሉ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ አላስጨረሰቻቸውም። «ጋሼ፣ ዙሪያዋን ውኃ የሆነች አገር እኮ ናት! ቢጠፋባት ነበር የሚገርመው!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክቡርነታቸው ግን ምን ተዳቸው! «እሱ ጨው ነው፤ እኔ የማወራሽ ስለ ቧንቧው ነው» ብለዋት ቀጠሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ክቡርነታቸው ሳይወለዱ ነው፤ ቢዘገይ ኖሮ ሦስተኛ ሆነው ይገቡ ነበር።

ምድር ቤት ያለው የጥርስ ሐኪምማ «ሁለት እጄን አፋቸው ውስጥ ከትቼ ስለ ባሕሩ ቀለም የነገሩኝ ብቸኛ ታካሚ ናቸው» ይላል። «ታዲያ ምን አሉህ?» ስለው ትከሻውን ነቅንቆ «ቃሉ አልገባኝም፤ ሰማያዊ መሆኑን ግን ተረድቻለሁ» አለኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ፣ ለዕረፍት የት እንሂድ ስንባባል ምላሴ «ደሴቲቱ» ብሎ ያረፈው። ጠብታ ውኃ ድንጋይ ይበሳል ይሉ የለ? የኔ ጭንቅላት ደግሞ ድንጋይ አይደለም።

ባለቤቴ መምህርት ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ታስተምራለች፣ ማታ የተማሪ ፈተና ታርማለች። እኔ ደግሞ ጥግ ይዤ ለጋዜጣ እጽፋለሁ። ከጊዜ ብዛት ቤታችን ውስጥ የሚሰማው «ጋዙ አለቀ»፣ «ቁልፉን የት አደረግከው?»፣ «መብራቱን አጥፋው» ብቻ ሆኖ ነበር። ተጣልተን አይደለም። ተጣልተን ቢሆንማ ቢያንስ እናወራ ነበር።

«እህቴ ጋ እንሂድ» አለችኝ። «ግቢዋ ሰፊ ነው። እተኛለሁ፤ ማንም አይቀሰቅሰኝም።»

«ለእህትሽ ሁልጊዜ ይደረሳል። ባሕር እንይ እንጂ! አየሩ ራሱ ነው አሉ የሚገባልሽ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ይኼን የምታወራው አንተ ነህ ወይስ ጋሼ ናቸው?»

«እኔ ነኝ። ባትወጂው በኔ ይሁን።»

«እሺ» አለች። የመምህር «እሺ» ታውቃላችሁ? ተማሪው ራሱ ወድቆ ቢያየው ይሻለዋል የሚል እሺ ነው።

ክቡርነታቸው ዜናውን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተጓዦቹ እኛ፣ ሻንጣ የሚያዘጋጁት እሳቸው ሆኑ። ሹራባችንን አስወጡ። ወፍራም ካልሲዬን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት አንጠልጥለው አስቀመጡት። በመጨረሻ የባለቤቴ ጃንጥላ እጃቸው ገባ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጃንጥላ ነው ጋሼ» አለች ባለቤቴ። «ዝናብ ቢመጣ ብዬ።»

«እዛ? ዝናብ? የኔ እመቤት፣ እዛ እኮ ዝናብ ሰው አይቶ ነው የሚዘንበው!»

ጃንጥላውን በክብር ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ።

እውነታቸውን ነበር፤ ሰው አይቶ ነው የሚዘንበው። እኛን አይቶ ዘነበ። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ጀመረን፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ በምታህል ጣቢያ በኩል አሳለፈን፣ እስከ ማረፊያችን በር ድረስ ሸኘን። ማግሥቱንም አላባራም። የከተማዋ ዋና መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ጫማዬ በቅጡ ሳይሞቅ አለቀ። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፤ ምን ተፈጠረ ብለን ስንጠይቅ «ሰው ተኝቷል» አሉን። ያ ስንት የተወራለት ባሕር ከጉሙ ሥር እንደ ታመመ ሰው ያጉረመርማል እንጂ አይታይም። የክፍላችን ጣሪያ ደግሞ ጥግ ላይ ያፈስ ነበርና ባልዲ ተቀምጦለታል።

ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባልዲውን ስታዳምጥ ቆየች። «የእህቴ ጣሪያ አያፈስም» አለች።

ባልዲውን በእግሬ ትንሽ አስተካከልኩት።

«እስቲ ንገረኝ» አለች ድምጿን ሳትጨምር። «እዚህ ያመጣኸኝ እኔን ልታሳርፈኝ ነው ወይስ ሰውዬው አንዴ ዝም እንዲሉልህ?»

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስትጮህ መልስ አላጣም። የዚያን ቀን ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ለክቡርነታቸው የማደርገውን ንግግር በሆዴ ማዘጋጀት ጀመርኩ። አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ በርዎን፣ እኔ በሬን። ሰላምታውም ይቅር።» ደጋግሜ ሳሻሽለው ዋልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ጽሑፍ የለም።

ወደ ማታው ገደማ የማረፊያው ባለቤት ሻይ ጠጡ ብላ ወደ ሳሎኗ ጠራችን። ቀጠን ያለች፣ እጇም እግሯም የማያርፍ ሴት ናት። እኛም እሷም በማንችለው በአንድ የውጭ ቋንቋ እየተንተባተብን እንግባባለን። ሻዩን እየቀዳች ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ነገርናት። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ከሊፍቱ ሰውዬ አገር?»

«ጎረቤታችን ናቸው» አልኩ ሳልወድ። «በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት ነው።»

ሴትዮዋ ጮኸች። እውነቴን ነው፣ ጮኸች። በሁለት እጇ ጉንጯን ይዛ አየችን። «ቆዩ፣ አትንገሩኝ! አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው ነህ። ከተማው ጠዋት ጠዋት ያንተን ጽሑፍ ሳያነብ ቁርስ አይቀምስም አይደል?»

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ጽሑፌን ጀምራ ጨርሳ የማታውቅ ሴት ናት።

«ማነው እንደዚህ ያለሽ?» አልኳት።

«እሱ ነዋ! ደግሞ እናንተ ሕንጻ ሊፍት ቆሞ አያውቅም አይደል? እዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ዳቦው በደረቀ ቁጥር፣ ዝናቡ በመጣ ቁጥር ጭንቅላቱን ይዞ ‹እዛ ቢሆን! እዛ ቢሆን!› ይለን ነበር።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የገባን። ለካስ የዚያ ቃል «እዛ» እኛ ነበርን።

ሴትዮዋ አላቆመችም። ለካ የኛ ሰፈር በዚያች ደሴት እንደ ገነት ይወራል። የኛ የጥርስ ሐኪም እጁ ላባ ስለሆነ፣ ጥርሱ የተነቀለለት ሰው «መቼ ልትጀምር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ነው፤ እሷ ያልተገኘችበት ስብሰባ ስብሰባ አይባልም። የኛ አውቶቡስ ሹፌር ሮጦ የሚመጣ ሰው ካየ ሞተር አጥፍቶ ይጠብቃል። ሴትዮዋ አንድ ቀን ይቺን ከተማ ሳላይ አልሞትም ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። እኔም ልቤ ተነሥቶ፣ የት እንደሆነች ልጠይቃት ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች።

«አንቺ ደግሞ መምህርቷ ነሽ። ሳቅሽ ግድግዳ ያልፋል አሉ። ‹ማታ ደክሞኝ ስገባ ያቺ ልጅ ስትስቅ ከሰማሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ድካሜ ይወጣል› ይል ነበር። እስቲ ሳቂልንና እንስማው!»

ባለቤቴ አልሳቀችም። ስኳር ያልጨመረችበትን ሻይ ማማሰል ጀመረች። «እሱ የድሮ ነው» አለች፣ በኛ ቋንቋ፣ ለስኒው።

ሴትዮዋ ምን እንዳለች አልገባትም፤ እኔ ግን ገባኝ። ግድግዳ የሚለየው ሰው የሰማውን ሳቅ፣ እኔ ግድግዳ ሳይጋርደኝ፣ መቅረቱን እንኳ አላስተዋልኩም ነበር። አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። ከጣሪያው አንድ ደህና ወፍራም ጠብታ ወርዶ ሻዬ ውስጥ ጧ! አለና ሸሚዜን ረጨው።

ሴትዮዋ በሐፍረት ደነገጠች። «ይቅርታ! በእናንተ አገር ጣሪያ አያፈስም አይደል?»

እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ሆዴን ገፋ፣ ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁና በክቡርነታቸው ድምፅ «እዛ? እዛ እኮ ዝናብ ሰው አይቶ ነው የሚዘንበው!» አልኩ።

ባለቤቴ ፈነዳች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የወጣው፤ ልትይዘው ሞከረች፣ እምቢ አላት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ቀና ትልና የረጠበ ሸሚዜን አይታ እንደገና ትጀምራለች። ሴትዮዋ ነገሩ ሳይገባት አብራ ሳቀች። ከማድ ቤቱ አንዲት አብሳይ ብቅ ብላ ምን ሆናችሁ አለች፤ ሴትዮዋ ባለቤቴን እያሳየቻት በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር ነገረቻትና አብሳይዋም እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማ አዳመጠች። እኔ የማልረሳው የዚያችን አብሳይ ፊት ነው። «ያ ስንት የተወራለት ሳቅ በጆሮዬ ደረሰልኝ» የምትል ትመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብነግራችሁ ክቡርነታቸውን መሰልክ ትሉኛላችሁ። ዝናቡ አንድ ቀን ጨምሮ ቆመ። እሱን ቀን ግን በተዋስነው ጃንጥላ ሥር ተጣብቀን ያችን አንዲት መንገድ ስንመላለስባት ዋልን። መንገዱ አንድ በመሆኑ ያገኘኸውን ሰው መልሰህ ታገኘዋለህ፤ ባገኘኸው ቁጥርም ዓመት እንደተለያየህ ሆኖ ሰላም ይልሃል። ሆስፒታሉን አስጎበኙን፤ ማለትም ሊፍቱን። ነርሶቹ ሰብሰብ ብለው አስገቡን፣ ወደ ላይ ወሰዱን፣ ወደ ታች መለሱን፣ ወጥተን አጨበጨብን። አንዷ ነርስ ክቡርነታቸው ሥራ ሲያበቁ መሰላላቸውን ተደግፈው ስለ ኮሪደራችን እያወሩ ያመሹ እንደነበር ነገረችን። «እሱ ሲያወራ በሽተኞቹ መርፌ ይረሳሉ» አለች። እኩለ ቀን ላይ ሱቆቹ ሲዘጉ ባለቤቴም ትተኛለች። የእህቷ ቤት ቢሆን የሚያስተኛት እህቷ ብቻ ናት፤ እዚያ ግን አገር ከነባለሥልጣኑ አብሯት ተኛ። ጉሙ ሲነሣ ባሕሩም ታየ። ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም።

ስንመለስ ክቡርነታቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«እህ?» አሉ፣ ገና ሻንጣ ሳናስቀምጥ። «እዛ እንዴት ነው?»

«ጋሼ፣ እኛ ሕንጻ ሊፍት ቆሞ አያውቅም አሉን» አልኳቸው።

ክቡርነታቸው ቀሉ። ከቦርሳቸው መፍቻ አውጥተው በእጅጌያቸው ይጠርጉት ጀመር።

«ያቺ የማረፊያዋ ሴትዮ ወሬ ታበዛለች» አሉ።

ባለቤቴ ጠጋ አለቻቸው። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ስለኛ እዛ ድረስ ሄደው ሲያወሩ፣ ለኛ ለራሳችን አንድ ቀን እንኳ ለምን አልነገሩንም?»

መፍቻውን አገላብጠው አዩት። «ሰውን ፊቱ ቆሜ ማመስገን አይሆንልኝም ልጄ። ምላሴ ይተሳሰራል። ራቅ ብዬ ሳያችሁ ነው ያማራችሁኝ። እዚህ ስመጣ ደግሞ እነሱ አማሩኝ። ምን ላድርግ?»

በሆዴ ያዘጋጀሁት ያ ንግግር የት እንደገባ እንጃ። ባለቤቴ አቀፈቻቸው። ክቡርነታቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ መፍቻውን ከፍ አድርገው ይዘው እንደ ሐውልት ቆሙ።

ሰሞኑን ድርጅታቸው ሌላ ከተማ ሊፍት ይትከሉ ብሎ ላካቸው። ከርመው ነው የሚመጡት። በሄዱበት ጠዋት እኔ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። በመንገዱ ሁሉ አንድ ደህና ነገር ልበላቸው ብዬ ቃላት ስመርጥ ነበር። ጎረቤትነትዎ፣ ወንድምነትዎ፣ ምናምን። በመስኮቱ ብቅ ሲሉ ግን ከአፌ የወጣው «ጋሼ፣ ጃኬት ይዘዋል?» ብቻ ሆነ።

«ይዣለሁ» አሉ። «ግባ፣ ይበርድሃል።»

አውቶቡሱ ሄደ። አጠገቤ ልጁን የሸኘ አንድ ጠና ያለ ሰው ቆሞ ነበር። ለወጉ ያህል «አባትህ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጎረቤቴ ናቸው» አልኩ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሰውዬውም ጭንቅላቱን ነቅንቆ ለመሄድ ተዘጋጅቷል። «ግን እንደርሳቸው ያለ ጎረቤት አይተው አያውቁም» አልኩት። ሊፍት በጆሯቸው ሰምተው ብቻ ሕመሙን እንደሚለዩ ነገርኩት። አንዲት የደሴት አገር ሲለቋት ሥራ አቁማ ወደብ ድረስ እንደሸኘቻቸው፣ ሚኒስትሮቿ እንዳለቀሱ ነገርኩት። እርሳቸው ባሉበት ሕንጻ የሚኖር ሰው ዕድሜው እንደሚረዝም፣ ሐኪሞች እየመጡ እንደሚያጠኑን ነገርኩት። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፣ መንገዱን አየ፣ እኔን አየ። እጅጌውን ያዝ አደረግሁት።

«ቆይ እንጂ አባቴ» አልኩት፤ «የሆስፒታሉን መቼ ነገርኩዎት!»